ከፊርማው በፊት

እማማ ያን ቀን ጠዋት ማስታገሻቸውን ከወሰዱ በኋላ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ትራሳቸውን ከፍ እንድታደርግላቸው በአገጫቸው አመለከቱና ነርሷ ጎንበስ ስትል እጇን ለቀም አደረጉት።

«ስሚኝ እስቲ፣ እጀ ሙቅ» አሉ። ከመጣች ጀምሮ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «እኔ ይህን ቤት ተሸክሜው አልሄድም።»

«እማማ ደግሞ! ምን የሚያስኬድ ነገር መጣ በጠዋቱ?»

«አታባብይኝ። መሄዴን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፤ የማያውቁት ልጆቼ ብቻ ናቸው። ምድር ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ የወንዱ ልጄ ነው። ምድጃው ከእኔ ይልቅ እሱን ለምዷል። የጓሮው ቤት የሴቷ ነው። ይህን የላይኛውን ፎቅ ግን ለእናንተ ማኅበር ልናዘዘው ነው።»

ነርሷ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። የምትሠራበት ማኅበር የማይድን ሕመም የያዛቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄደ ያስታምማል። ሐኪም ቤቱ «ከእንግዲህ የምናደርገው የለም» ብሎ የሸኘውን ሰው ማኅበሩ «ገና ብዙ የምናደርገው አለ» ብሎ ይቀበለዋል። የእማማንም ባል ከዓመታት በፊት በዚሁ ክፍል፣ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ ከሥር የሚወጣው የዳቦ ሽታ እየሸተታቸው፣ ሕመም ሳያስጮኻቸው የሸኛቸው እሱ ነው።

«ቤት ያለውን ቤቱ ድረስ ትሄዱለታላችሁ» አሉ እማማ። «ቤት የሌለውንስ? ከሰባት ሰው ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚያድረውንስ የት ሄዳችሁ ታስታምሙታላችሁ? ለእሱ ነው ይህ ፎቅ። እንደ ባሌ ተከብሮ ይሙት።»

የነርሷ ዓይን እንባ ሞላ። እንዲህ ዓይነት ሰዎችን በየደረጃው ሥር፣ በየቆርቆሮው ጥግ ስታስታምም ኖራለችና ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ገብቷታል። እጃቸውን ሳመች። ወዲያው ግን የማኅበሩ ደንብ ትዝ አላትና ደስታዋ እንደ መጣ ተመለሰ።

ደንቡ አጭር ነው። አንድ ሕመምተኛ ለማኅበሩ የሚተወው ነገር እንዳለ ከተናገረ፣ የሰማው አስታማሚ በዚያው ቀን ለቢሮ ያሳውቃል፤ ከዚያ ቤትም ይወጣል። ሌላ ይተካል። የሕመምተኛው አሳብም ሕመምተኛው ራሱ እስኪናገር ድረስ ለቤተሰብ አይወራም። አስታማሚ አልጋ ሥር ቁጭ ብሎ ንብረት ጠየቀ እንዳይባል የወጣ፣ ደግ ደንብ ነው። ደግ ደንብም ቢሆን ታዲያ ሰው መሐል ሲገባ ይቆርጣል።

ምክንያቱም ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር፣ እስከ ክርኑ ዱቄት የነካው አንድ ሰው እየጠበቃት ነበር። የእማማ ልጅ ጋጋሪው ቃል ቶሎ የማይወጣለት ሰው ነው። መጀመሪያ ስትወጣና ስትወርድ መንገድ ይለቅላት ነበር፤ ቀጥሎ መንገድ መልቀቁን ረሳ፤ ኋላ ደግሞ እሷም መንገድ እንዲለቅላት መፈለጓን ተወች። ባለፈው ሳምንት ሽርጡን እያሻሸ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «የላይኛው ፎቅ መስኮቱ ለፀሐይ ነው። አንቺ ፀሐይ እንደምትወጂ አይቻለሁ። አንድ ቀን እዚያ ላይ ብንኖርስ?» መልስ አልሰጠችውም፤ የሳቀችው ሳቅ ግን መልስ ነበር።

ያን ቀን ቢሮ ገብታ ለኃላፊዋ ሁሉንም ተናገረች። ሁሉንም ማለት ግን ሁሉንም አይደለም።

«ከዚያ ቤት ሰዎች ጋር ከሥራ ውጭ የሚያገናኝሽ ነገር አለ?» ብለው ጠየቋት ኃላፊዋ፤ ለደንቡ ያህል እንጂ አንገታቸውንም ቀና አላደረጉም።

«የለም» አለች።

ለምን እንደዋሸች ለራሷም ግልጽ አልነበረም። ፍቅሩ ገና ለራሱ ለጋጋሪው እንኳ አልተነገረምና ቢሮ ውስጥ በመጀመሪያ መነገሩ ከበዳት፤ ፈራችም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያቺ አንዲት ቃል ከአፏ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች።

* * *

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ፈጠነ። ወደዚያ ቤት ሌላ አስታማሚ ሄደች። ለጋጋሪው የተነገረው «ነርሷ ተዘዋውራለች» የሚል ብቻ ነው። ሲደውል አላነሳችም፤ ብታነሳ ምን ትለዋለች? እማማ ደግሞ ጠበቃ አስጠርተው፣ ልጆቻቸውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ የላይኛው ፎቅ ለማን እንደሆነ በገዛ አፋቸው ነገሯቸው።

በማግስቱ እታለም መጣች። እታለም የጋጋሪው ታላቅ እህት ናት፤ ወንድሟ በሕፃንነቱ ያወጣላት ስም ሰፈሩን ሁሉ አዳርሶ ዛሬ ባሏም እታለም ነው የሚላት። የማኅበሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻትና ነርሷ ጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሕመምተኞቿ ስትወጣ መንገዷን ዘጋችው።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት።

«ለምኑ?»

«ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ለምኑ ትያለሽ? ለቤቱ ነዋ! በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይሉሻል ይሄ ነው። እናቴን ላይ፣ ወንድሜን ታች።»

ነርሷ ቆሌዋ ተገፈፈ። «እኔ ምንም አልጠየቅኳቸውም።»

«አውቃለሁ፤ እናንተ አትጠይቁም። ትራስ ታስተካክላላችሁ፣ እጅ ታሻሻላችሁ፣ ሰው በራሱ ጊዜ ይሰጣችኋል።» እታለም ድምጿን አላነሳችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ደረጃው ላይ አይቻችኋለሁ። ለእማዬ አልተናገርኩም፤ ለማንም አልተናገርኩም። እማዬ ትፈርም፣ እኔ እጇን አልይዝም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ ከወንድሜ ጋር ባይሽ ዳኛ ፊት እቆማለሁ። ‹ነርሷ ልጁን አጥምዳ፣ ማኅበሯ ቤቱን ወሰደ፤ ነገሩንም ደብቀውት ነበር› እላለሁ። ኑዛዜው ይፈርሳል። የማኅበርሽም ስም አብሮ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ማን በሩን የሚከፍትላችሁ ይመስልሻል?»

ይህቺ ሴት እየዋሸች ቢሆን ኖሮ ነርሷ መልስ አይጠፋትም ነበር። ደብቀዋል ያለችው ግን እውነት ነው። ደብቃለች። ያቺ «የለም» ያለቻት ቃል ዛሬ እታለም እጅ ገብታለች፤ እታለም ራሷ ይህን ያህል እንደያዘች አላወቀችም እንጂ።

«ተግባባን?» አለች እታለም።

«ተግባባን።»

እታለም ዞራ ስትሄድ ድንጋይ አንሸራተታትና ልትወድቅ ነበር፤ ነርሷ ሳታስብ እጇን ዘርግታ ያዘቻት። ለአፍታ ተያይዘው ቆሙ። የእታለም ዓይን ቀልቷል፤ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ሴት ዓይን ነበር። ነርሷ ልትጠላት ፈልጋ አልሆነላትም፤ ያ ደግሞ ከዛቻው ይልቅ አቃጠላት።

* * *

ጋጋሪው የመጣው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከሥራ ስትወጣ ከማኅበሩ አጥር ጥግ ቆሞ አገኘችው። ልብሱን ቀይሯል፤ ቅንድቡ ላይ ግን ዱቄት ቀርቷል። በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ እጁ ላይ ነበር፤ ባዶ እጁን የሰው ደጅ መሄድ አያውቅበትም።

«ታመሽ መስሎኝ ነበር» አላት።

«ደህና ነኝ።»

«እማዬ የላይኛውን ፎቅ ለእናንተ ልትተወው ነው። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«መቼ?»

መንገድ አላፊዎች በመሐላቸው አለፉ። ነርሷ እስኪያልፉ ጠበቀች፤ የሚያልፉት ሰዎች ባይጨርሱ በወደደች።

«የወጣሁ ቀን ነው የሰማሁት።»

ጋጋሪው ዳቦውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዘዋወረው። ሲናደድ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ሲናደድ ፊቱ ባዶ ይሆናል። «እኔ ያን ቤት አንቺን እያሰብኩ ቀለም ልቀባው ነበር» አለ። «ቤቱ አልቆጨኝም። እማዬ የወደደችውን ታድርግ፣ ሐቋ ነው። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰማሽ ቀን ወጣሽ። ስልክ አታነሺም። እታለም ‹ሥራዋን ጨርሳ ወጣች› ትላለች። አፏን አስያዝኳት። አሁን ግን አንቺ ንገሪኝ። ያ ሁሉ ደረጃ ላይ የቆምነው… ሥራ ነበር?»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ደንብ ነው ያስወጣኝ ብትለው ይበቃው ነበር፤ እወድሃለሁ ብትለው ዛሬውኑ እጇን ይዞ እናቱ ዘንድ ይወስዳታል። እታለም ታያለች። ኑዛዜው ይፈርሳል። ደረጃ ሥር ተጥሎ የሚሞተው ሰው እዚያው ደረጃ ሥር ይቀራል። እማማም የመጨረሻ አሳባቸው ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲጎተት ያያሉ፣ ወይም ሳያዩት ያልፋሉ። ነርሷ ጥርሷን ነከሰች።

«አዎ» አለች። «ሥራ ነበር።»

ይሰድባታል ብላ ጠብቃ ነበር። ቢሰድባት ይቀላት ነበር። እሱ ግን ብዙ ነገር እንደገባው ሰው አንገቱን ነቀነቀና ዳቦውን አጥሩ ላይ አስቀመጠላት።

«ለሕመምተኞችሽ ስጪልኝ» ብሎ ሄደ።

ዳቦው ገና ይሞቅ ነበር። ነርሷ ደረቷ ላይ አቅፋው እዚያው ቆመች፤ የሚያልፈው የሚያገድመው ምን ሆነች ብሎ ዞር እያለ ያያታል። እንደዚያ ቀን ራሷን ጠልታ አታውቅም።

* * *

የፊርማው ቀን ማለዳ ኃላፊዋ አስጠሯት።

«እኒያ አሮጊት ሊያሳብዱኝ ነው» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «‹ያቺ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ካልቆመች አልፈርምም› ብለዋል። ‹በጓሮ በር የሚወጣና የሚገባ ስጦታ አልሰጥም፤ ልጆቼም እሷም ተያይተው ነው የምሰጠው› አሉ። ጠበቃውን ጠየቅኩት፤ ትቁም፣ ግን አልጋውን አትጠጋ፣ አትንካቸው፣ አታናግራቸው ብሏል። ትችያለሽ?»

አልችልም ልትል ነበር። «እችላለሁ» አለች።

ነርሷና ኃላፊዋ ሲደርሱ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ጠበቃው፣ ቀጭን፣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው፣ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጧል። ከመስኮቱ ሥር ምስክሮቹ አሉ፦ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ያለው ፀጉር ቆራጭና ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ። እታለም ከቁም ሣጥኑ ተደግፋ ቆማለች። ጋጋሪው ግርግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ነርሷ ስትገባ ቀና አላለም። እሷም ከበሩ አጠገብ ቆማ እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች።

እማማ ከስተዋል። በተለያዩበት ጊዜ ውስጥ ፊታቸው ጠቦ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ትራሳቸው ወደ አንድ ጎን ተንሸራትቶ አንገታቸው ጎብጧል፤ ነርሷ በሁለት እርምጃ ደርሳ ልታስተካክለው ትችል ነበር። አልተነቃነቀችም።

ጠበቃው ኑዛዜውን አነበበ። ምድር ቤቱ ለወንድ ልጄ። የጓሮው ቤት ለሴት ልጄ። የላይኛው ፎቅ፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ፣ የሚያስታምመው ሰውና የሚተኛበት ቤት ለሌለው ሁሉ ማረፊያ እንዲሆን ለማኅበሩ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከፊርማው በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ልማዴ ነው» አለ። «እማማ፣ ይህን እንዲያደርጉ የገፋፋዎት ሰው አለ?»

«እኔን? እኔን የሚገፋ ገና አልተወለደም» አሉ እማማ፤ ፀጉር ቆራጩ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«መልካም። ሌሎቻችሁንም ልጠይቅ። ስጦታውን ከሚቀበለው ማኅበርና ከዚህ ቤተሰብ ጋር የተለየ ቅርበት ያለው፣ እማማ ከመፈረማቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር ያለው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ አለ?»

ከምድር ቤት የጋጋሪው ረዳት የምድጃውን ብረት በር ሲዘጋ ተሰማ።

ነርሷ እታለምን አየቻት። አፏ ተዘግቷል፣ ዓይኗ ግን ነርሷ ላይ ተተክሏል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነላት። እታለም ዛሬ አትናገርም፤ ለነገ ታስቀምጠዋለች። ኑዛዜው ተፈርሞ፣ እማማ ተቀብረው፣ ከእንግዲህ ሊመሰክሩ በማይችሉበት ቀን ታወጣዋለች። ነርሷ ጋጋሪውን ዕድሜ ልኳን ብትሸሸውም እንኳ «ነበሩ፣ ደብቀውናል» ማለት ይበቃታል። ዝምታዋ ቤቱን አያድነውም። ፍቅሯን ገድላ ለከንቱ ነበር የገደለችው።

ብትናገርስ? እማማ «አንቺም እንደዚህ ነሽ?» ብለው እስክሪብቶውን ቢወረውሩት ስጦታው ዛሬውኑ ቀረ። ለኃላፊዋ የዋሸችውም ይታወቃል፤ ከሥራዋ ትባረራለች። ከዚህ ሥራ ሌላ የምትችለው ነገር የላት፣ የምትወደውም ነገር የላት። አንድ ሰው ብቻ ካልሆነ በቀር፤ እሱም መሬት እያየ ነው።

«እንግዲህ ከሌለ…» አለ ጠበቃው እስክሪብቶውን እያነሳ።

«አለ» አለች ነርሷ።

ኃላፊዋ በድንጋጤ ዞሩባት። ጠበቃው እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ።

«እኔ አለሁ። የእማማን ልጅ እወደዋለሁ።» ዓይኗን ጠበቃው ላይ ተከለች፣ ሌላ ቦታ ብታይ የምትጨርሰው አልመሰላትም። «እዚህ ቤት ስሠራ ጀምሮ ነው። ስጦታውን አልጠየቅኩም፣ አላነሳሁም፤ እማማ በነገሩኝ ቀን ለቢሮ አሳውቄ በደንባችን መሠረት ወጣሁ። ግን ቢሮው ከቤቱ ሰው ጋር የሚያገናኝሽ ነገር አለ ሲለኝ የለም አልኩ። ዋሸሁ። እሱ ራሱ ሲጠይቀኝም ሥራ ነበር አልኩት። እሱንም ዋሸሁት። እማማ ይህን ሳያውቁ እንዲፈርሙ አልፈልግም። ቢተዉትም አልቀየምም።»

አስተማሪዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከአግዳሚ ወንበሩ በኩል አንድ ነገር ተንቋቋ፤ ጋጋሪው ብድግ ብሏል። ነርሷ አልዞረችም።

«አያችሁ!» አለች እታለም፤ ድምጿ ግን እንዳሰበችው አልወጣም፣ ተሰበረ። «አየሽ እማዬ? ሰማሽ? እኔ ያደግኩት እዚህ ላይ ነው! አንቺ ታች ሊጥ ስታቦኪ ይህን ልጅ እዚህ ወለል ላይ ያዳህኩት እኔ ነኝ። አባዬን እስከ መጨረሻው ውኃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። የጓሮ ቤት ሰጥተሽኝ አባዬ የሞተበትን ቤት ለማንም መንገደኛ!»

እማማ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ነይ ወዲህ» አሉ። እታለም አልሄደችም። «እሺ እዚያው ሆነሽ ስሚኝ። አባትሽን ውኃ ስታጠጪው አንቺ ነበርሽ። እውነት ነው። ያን ጊዜ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ማን ደገፈሽ? ከእነዚህ አንዷ አይደለችም? አባትሽን ሕመም ሊያስጮኸው ሲል በስንቱ ሌሊት በርረሽ ጠራሻቸው? ሰው የሌለው ማንን ይጥራ? ቤቱን ለመንገደኛ አልሰጠሁም። አባትሽ ያገኘውን ሞት ነው የምሰጠው።»

እታለም ፊቷን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰች። ትከሻዋ ይርገበገብ ነበር።

«አንቺ ደግሞ» አሉ እማማ ወደ በሩ ዞረው። «የደከመው እግሬ ነው ወይስ ዓይኔ? አርባ ዓመት ዳቦ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። አንቺ እዚህ ቤት ከገባሽ ጀምሮ ከታች የሚወጣው ሽታ የምን እንደነበር አላውቅም? ልጄ በሕይወቱ ዳቦ አሳርሮ የማያውቅ ሰው! በሳምንት ሁለት ጊዜ ትሪ ሙሉ ያሳርር ጀመር። አንቺ በወጣሽ ጊዜ ደግሞ ጥሬውን ያወጣው ጀመር። ደንበኛ ሁሉ ሸሸብን።»

«እውነታቸውን ነው፤ እኔ ከማዶ ነው የምገዛው አሁን» አለ ፀጉር ቆራጩ። ማንም አልጠየቀውም።

«አውቄ ነው የምሰጠው» አሉ እማማ ለጠበቃው። «ይህንንም ጻፈው። ልጄን እንደምትወደው አውቃለሁ፤ ነግራኛለች፣ በምስክር ፊት። ከዚያ በኋላ ነው የፈረምኩት በል።»

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገና ጻፈ። «ተደብቆ ቢቆይ ነገ ጥያቄ ያስነሳ ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን ለወረቀቱ። «አሁን ሁሉም ሰው ሰምቷል።»

እስክሪብቶውን ሰጣቸው። እማማ ያዙት፤ ጣታቸው ግን አልታዘዝ አለ። እስክሪብቶው አንሶላው ላይ ወደቀ። ጋጋሪው ሊያነሳ አንድ እርምጃ ሲራመድ ጠበቃው እጁን ዘረጋ። «ማንም እንዳይረዳቸው።»

እማማ ራሳቸው ፈልገው አነሱት። የመጀመሪያዋን ፊደል ጀመሩ። እጃቸው ተንሸራተተ፣ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ። ትንፋሻቸው ክፍሉን ሞላው። ነርሷ ከኋላዋ ያጣመረቻቸው እጆቿ እርስ በርስ ተጨባብጠው ጣቶቿ ደንዝዘዋል። ያን የጎበጠ አንገት መደገፍ፣ ያን ክርን ከሥር ማንሳት፣ ዕድሜዋን ሙሉ የተማረችው ይህን ብቻ ነው፤ አሁን ግን መርዳቷ ማጥፋት ስለሚሆን ባለችበት ቆመች። እማማ ላብ አጠመቃቸው። ሞታቸውን ሲጠብቁ ያልፈሩት ሴትዮ አሁን ፊደል ሳይጨርሱ እንዳይደክሙ ሲፈሩ ታያቸዋለች።

ጨረሱ። ፀጉር ቆራጩ ፈረመ፣ አስተማሪዋም እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ፈረሙ። ጠበቃው ወረቀቱን አጠፈው።

«አሁን» አሉ እማማ እየቃተቱ፣ «ይህችን ልጅ ታባርሯታላችሁ?»

ኃላፊዋ ነርሷን በቁጣና በሌላም ነገር አዩዋት። «ዋሽታኛለች፤ ይህ በዋዛ አይታለፍም» አሉ። «እስክንመረምር ከሥራ ታግዳለች። ከዛሬ ጀምሮ።»

ቃሉ ደረሰባት፣ ወጋት። ጠብቃው ነበር፤ የጠበቁት ነገርም ያማል።

«እንኳን!» አሉ እማማ። «ከሥራ ከታገደች እዚህ ቤት የከለከላት ደንብ የለም። እስከዛሬ በሥራ ነው የገባችው። እስቲ ደግሞ ዝም ብላ ሰው ሆና ትግባ። ትራሴ አንገቴን ሰበረኝ።»

ነርሷ ኃላፊዋን አየች። ኃላፊዋ ቦርሳቸውን አንስተው መንገድ ለቀቁላትና ወጡ። ጠበቃውና ምስክሮቹም አንድ በአንድ ወጡ። እታለም ከሁሉም ኋላ ወጣች፤ በነርሷ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች፣ ትክ ብላ አየቻትና ወረደች። ይቅርታ አልነበረም። ዛቻም አልነበረም።

ነርሷ አልጋው ዘንድ ሄዳ የእማማን አንገት በመዳፏ ደግፋ ትራሱን አስተካከለች። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋጋሪው አሁንም ከወንበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ምን እንደሚያደርግበት የማያውቀውን ሁለት እጁን ይዞ።

«ለጠበቃው ነገርሽው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «ለፀጉር ቆራጩም ነገርሽው። ለእኔ ግን የነገርሽኝ ሥራ ነበር የሚለውን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ዕለት ከአጥሩ እስከ ቤት ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም።»

«እኔም ከዚያ አልሄድኩም። ቆሜ ቀረሁ።» እንባዋ ወረደ፤ እጇ የእማማ አንገት ሥር ነበርና አልጠረገችውም። «ልትቀየመኝ ትችላለህ። ሐቅህ ነው። ሥራዬም ይሂድ፣ ይመለስም እንደሆነ አላውቅም። ግን ከእንግዲህ አልዋሽህም።»

ጋጋሪው ተራመደና ከአልጋው በዚያኛው ጎን ቆመ። በመሐላቸው እናቱ አሉ፤ ትንፋሻቸው እየረጋ ነው፣ ተኝተው ይሁን እየሰሙ አይታወቅም።

«እንግዲያው ንገሪኝ» አለ። «እዚህ ማንም የሚጽፍ የለም።»

ነርሷ ቀና አለች። ጠበቃው ላይ ዓይኗን መትከል ቀሏት ነበር፤ እዚህ ዓይን ላይ መትከል ግን ከበዳት። ቢሆንም አላዞረችም።

«እወድሃለሁ» አለችው፤ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለላት።